መስኮት ወይስ ማጣሪያ? የንጹሕ አየር ዋጋ በሐይቅና በአምባሰል

መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. የመጀመሪያው የኮቪድ 19 ሕመምተኛ አዲስ አበባ ውስጥ መገኘቱ ከተነገረ በኋላ ገበያው ምን እንዳደረገ ነጋዴ አይረሳውም። የሎሚና የነጭ ሽንኩርት ዋጋ ሽቅብ ተተኮሰ። የፊት ጭምብልና የእጅ ማጽጃ አልኮል ከመደርደሪያ ጠፋ። ያለአግባብ ዋጋ ጨመሩ የተባሉ ሱቆች ታሸጉ። በየደጃፉም ቧንቧ የተገጠመለት በርሜልና ሳሙና ቆመ። በዚያ ሁሉ ግርግር ማንም ያልሸጠው፣ ማንም ያልገዛው አንድ ሸቀጥ ነበር፤ ይኸውም ንጹሕ አየር ነው።

ለዚህ ገዢውን መውቀስ አይገባም። የዓለም ጤና ድርጅት ራሱ መጋቢት 19 ቀን 2012 ዓ.ም. በማኅበራዊ መገናኛ ገጹ ላይ ኮቪድ 19 በአየር አይተላለፍም ሲል አስታውቆ ነበር። ድርጅቱ ከዚያ ወዲህ ቀስ በቀስ አቋሙን ያሻሻለ ሲሆን፣ ሚያዝያ 10 ቀን 2016 ዓ.ም. ባወጣው የጋራ የቃላት ሰነድ እንዲህ ያሉ ተሕዋስያን በትንፋሽ ወጥተው በአየር እንደሚጓዙና ከሩቅም ከቅርብም እንደሚያዙ ከብዙ ባለሙያዎች ጋር ተስማምቷል። በመካከሉ 4 ዓመት አለፈ። እጅ መታጠብ ለተቅማጥና ለሌላውም በሽታ መልካም ነው። ይሁንና በርሜሉ ደጅ ቆሞ ውስጥ ያለው መስኮት ከተዘጋ፣ ወጪው የወጣው በዋናው መንገድ ላይ አልነበረም ማለት ነው።

የእኛ አገር ሰው ግን ይህን ጨርሶ አያውቅም አይባልም። በ1911 ዓ.ም. የገባው የኅዳር በሽታ ብዙ ሕዝብ ከፈጀ ወዲህ ኅዳር 12 ቀን በየሰፈሩ ቆሻሻ እየተሰበሰበ ይቃጠላል፤ ኅዳር ሲታጠን እየተባለም እስከ ዛሬ ይዘከራል። በሽታው ከአየር ጋር ነገር አለው የሚለው ግምት ትክክል ነበር። ጢሱ ያባርረዋል የሚለው ግን አልተሳካም፤ እንዲያውም ጢስ ሳንባን ይጎዳል።

የሊትር ሒሳብ

የታመመ ሰው ሲተነፍስ፣ ሲናገር፣ ይበልጡንም ሲዘፍንና ሲጮኽ ለዓይን የማይታዩ የእርጥበት ቅንጣቶች ያወጣል። ትልልቆቹ መሬት ይወድቃሉ። ትንንሾቹ ግን እንደ ሲጋራ ጢስ ክፍሉ ውስጥ ይንሳፈፋሉ። በመጋቢት 2012 ዓ.ም. በአሜሪካ ዋሽንግተን ግዛት 61 ሰዎች ለመዝሙር ልምምድ ሁለት ሰዓት ተኩል ያህል አብረው ቆይተው 53ቱ መታመማቸው ተመዝግቧል፤ ከእነዚህ 33ቱ በምርመራ የተረጋገጡ፣ የቀሩት 20ዎቹ በምልክታቸው የተገመቱ ናቸው። ኩፍኝ ደግሞ ከዚህም ይብሳል፤ ታማሚው ከወጣ በኋላ እስከ ሁለት ሰዓት ድረስ አየሩ ውስጥ ሊቆይ ይችላል። የሳንባ ነቀርሳ ቫይረስ ሳይሆን ባክቴሪያ ቢሆንም የሚጓዘው በዚሁ መንገድ ነው፤ ኢትዮጵያም የሳንባ ነቀርሳ ጫና ከበዛባቸው 30 የዓለም አገሮች አንዷ ናት። ስለዚህ ጉዳዩ ከኮቪድ ጋር አብሮ ያለፈ አይደለም።

በአየር የሚመጣ በሽታ በአየር መጠን ይለካል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2013 ዓ.ም. ባወጣው የአየር ማናፈሻ መመሪያ ሰው ለሚሰበሰብባቸው የሥራና የአገልግሎት ክፍሎች ለአንድ ሰው በሴኮንድ 10 ሊትር ንጹሕ አየር ያስፈልጋል ብሏል። ለሕሙማን መኝታ ክፍል የተቀመጠው ልክ ከዚህ እጅግ ይበልጣል፤ በአየር የሚተላለፍ በሽታ ለያዘው ሕመምተኛ የሚሆን ክፍል በነፋስ የሚናፈስ ከሆነ በአማካይ በሴኮንድ 160 ሊትር ለአንድ ሰው ይጠየቅበታል። አንባቢ 10 ሊትር የምትለዋን ቁጥር ይያዝልን። ቀጥሎ ያለው ሒሳብ ሁሉ የሚሠራው በእርሷ ነው።

ሒሳቡን አዲስ አበባ ባሉት የመስተዋት ሕንፃዎች መሥራት ይቻል ነበር። እኛ የመረጥነው ግን ከደሴ ወደ ወልድያ በሚወስደው መንገድ ላይ ያሉትን ሐይቅንና ውጫሌን ነው። የተሁለደሬ ወረዳ መቀመጫ የሆነችው ሐይቅ ከደሴ በስተሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ትገኛለች። ውጫሌ የአምባሰል ወረዳ መቀመጫ ስትሆን በ1881 ዓ.ም. ከጣልያን ጋር በተፈረመው ውል ስሟ ይታወቃል። ሁለቱም መንገደኛ የሚበላባቸው፣ የሚያድርባቸው፣ ባንክ የሚገባባቸው የመንገድ ከተሞች ናቸው። አየሩ ደጋማና ለስላሳ በመሆኑ ማቀዝቀዣ የሚያስገባ ነጋዴ የለም ማለት ይቻላል። መብራትም ይቋረጣል። በእነዚህ ከተሞች የሚያዋጣ ዘዴ በአብዛኛው የአገራችን ከተማ ያዋጣል።

በመጀመሪያ 60 ተማሪ የያዘ የመማሪያ ክፍል እንውሰድ። በ10 ሊትር ሒሳብ በሴኮንድ 600 ሊትር ያስፈልገዋል። የዓለም ጤና ድርጅት የሚጠቀምበት ቀላል ቀመር አለ። በትይዩ ግድግዳዎች መክፈቻ ሲኖር፣ የትንሹን መክፈቻ ስፋት በሜትር ካሬ ይወስዱና በነፋሱ ፍጥነት፣ ከዚያም በ0.65፣ ከዚያም በ1,000 ያባዙታል። ነፋሱ በሴኮንድ 1 ሜትር ብቻ ቢሆን፣ ማለትም የከሰል ጢስ ወደ ጎን የሚያዘነብልበት ያህል ቢሆን፣ 1 ሜትር ካሬ መስኮትና በትይዩው የተከፈተ በር በሴኮንድ 650 ሊትር ያስገባሉ። 60ውም ተማሪ ድርሻውን አገኘ፤ ወጪው ዜሮ ነው።

ገበያው ሊሸጥ ያልቻለው ሸቀጥ ነጻ ሆኖ ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል ማለት ነው።

ታዲያ ችግሩ የት ላይ ነው? በትይዩ የሚለው ቃል ላይ ነው። በመንገድ ዳር ያለው ሱቅና ሻይ ቤት አብዛኛውን ጊዜ አንድ በር ብቻ ነው ያለው፤ ጀርባው የጎረቤት ግድግዳ ወይም መጋዘን ነው። አየር የሚወጣበት ካላገኘ አይገባም። የድሮው የጭቃ ቤት በግድግዳውና በጣሪያው መካከል ክፍተት ስለነበረው በዚያ ይተነፍስ ነበር። ብሎኬቱና ኮርኒሱ ሲመጡ ያ ክፍተት ተደፈነ፤ ቤቱ አማረ፤ አየሩ ግን ታፈነ። ለእንዲህ ያለው ቤት ከሁሉ የሚረክሰው ሥራ አንድ ግንበኛ ጠርቶ ከኋላ ግድግዳ ከፍ አድርጎ መክፈትና ሌባ እንዳይገባ የብረት ፍርግርግ መግጠም ነው። አንድ ጊዜ ይከፈላል፤ መለዋወጫ የለው፣ መብራት አይፈልግ። አዲስ የሚሠራ ባለሀብት ደግሞ ከመጀመሪያው በፕላኑ ላይ ቢያስገባው ወጪው ከቁጥር የሚገባ አይሆንም።

መስኮት የማይረዳበት ጊዜም አለ። በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት ብርዱ ሲጠነክር እንግዳው ይዘጋዋል። በክረምት ዝናብ፣ በበጋ የመንገዱ አቧራ ያዘጋዋል። ባንክ ለጥበቃ ሲል መስተዋቱን አይከፍትም። ጫት በሚበቅልበት በተሁለደሬ የበርጫ ቤት ደንበኛ መጋረጃ ተጋርዶ፣ በር ተዘግቶ፣ ዕጣን ጨሶ ካልሆነ ምርቃናው አይዝለትም፤ ብዙ ሰው ለረጅም ሰዓት ተጠጋግቶ እያወራ የሚቀመጥበት ክፍል ከዚህ የባሰ አይገኝም። መስከረም 21 በአምባሰል ግሸን ደብረ ከርቤ ክብረ በዓል ሰሞን ደግሞ አውቶቡሱም ማደሪያውም ይሞላል። ማጣሪያ ገበያ የሚያገኘው እዚህ ላይ ነው።

ካርቶን፣ ፕላስተርና አራት ማጣሪያ

በ2012 ዓ.ም. ክረምት ሪቻርድ ኮርሲ የተባሉ የቤት ውስጥ አየር ተመራማሪ መሐንዲስ አንድ ሐሳብ አቀረቡ፤ ጂም ሮዘንታል የተባሉ የቴክሳስ የማጣሪያ ፋብሪካ ኃላፊ ሠርተው አሳዩት። ዛሬ በሁለቱ ስም የኮርሲ ሮዘንታል ሣጥን ይባላል። አሠራሩ ጥበብ አይጠይቅም። ለማዕከላዊ አየር ማቀዝቀዣ የሚሸጡ አራት ካሬ ማጣሪያዎች እንደ ሣጥን ግድግዳ ይቆማሉ፤ ከታች ካርቶን፣ ከላይ ቬንትሌተር ይሆናል፤ ስፌቱ በፕላስተር ይታሸጋል። ቬንትሌተሩ የክፍሉን አየር በአራቱ ጎን እየሳበ የተጣራውን ወደ ላይ ይነፋል። በአሜሪካ ገበያ ሙሉ ወጪው ከ100 ዶላር በታች ሲሆን፣ በልኩ የተሠራው ሣጥን በሰዓት 1,000 ሜትር ኩብ ያህል ወይም በሴኮንድ 280 ሊትር የሚደርስ የተጣራ አየር ይሰጣል። ያንኑ ያህል የሚሰጥ የፋብሪካ ማጣሪያ ብዙ እጥፍ ያስከፍላል።

አራት ማጣሪያ የተደረገው ለጌጥ አይደለም። ቬንትሌተር ደካማ ነው፤ አፉ ሲታፈን አየር አይገፋም። አንድ ማጣሪያ ብቻ ጀርባው ላይ ከተለጠፈ ሞተሩ ይንጫጫል፣ የሚያልፈው አየር ግን ጥቂት ነው። የማጣሪያው ስፋት አራት እጥፍ ሲሆን አየሩ ቀስ ብሎ በቀላሉ ያልፋል። ከቆርኪ ይልቅ በሰፊ ወንፊት ማጥለል እንደሚቀለው ነው።

ወንፊት ካልን አንድ የተለመደ ስሕተት እናርም። ቫይረሱ ከማጣሪያው ቀዳዳ ያንሳል፤ ስለዚህ ሾልኮ ያልፋል የሚሉ አሉ። ማጣሪያ ግን ወንፊት አይደለም፤ የተዘበራረቀ የክር ጫካ ነው። ትልቁ ቅንጣት መታጠፍ አቅቶት ክሩን ይመታል። በጣም ትንሹ እየተወራጨ ሲሄድ ክሩ ላይ ይለጠፋል። ለመያዝ የሚያስቸግረው መካከለኛው፣ 0.3 ማይክሮን ገደማ ያለው ነው። ለዚያም ሲባል ክሩ በፋብሪካ የኤሌክትሪክ ሙል ይሰጠዋል። ቫይረሱም ራቁቱን አይጓዝም፤ ከእርሱ በሚበልጥ የእርጥበት ቅንጣት ውስጥ ሆኖ ነው የሚወጣው። መርቭ 13 የሚባለው ደረጃ ከ0.3 እስከ 1 ማይክሮን ካሉት ቢያንስ ግማሹን፣ ከ1 እስከ 3 ማይክሮን ካሉት ቢያንስ 85 በመቶውን በአንድ ማለፊያ ይይዛል። አየሩ በሰዓት ደጋግሞ ስለሚያልፍ ይህ ይበቃል። 99.97 በመቶ የሚይዘው ሄፓ የተሻለ ነው፤ ነገር ግን ወፍራም በመሆኑ ብርቱና ውድ ሞተር ይጠይቃል።

ይሠራል ወይ ለሚለው ጥያቄ ያለው ማስረጃ ጥሩ ነው፤ ፍጹም ግን አይደለም። በእንግሊዝ ካምብሪጅ በሚገኘው የአደንብሩክስ ሆስፒታል የኮቪድ ሕሙማን ክፍል ማጣሪያ ሲበራ በአየሩ ውስጥ ይገኝ የነበረው ቫይረስ ጠፍቶ፣ ሲጠፋ ተመልሶ ታይቷል። ይህ የአየሩን እንጂ የሰውን መዳን አይነግረንም። በአሜሪካ ጆርጂያ ግዛት በ169 የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ላይ በ2013 ዓ.ም. የወጣው ጥናት አየር ማናፈስንና ማጣራትን አንድ ላይ ያደረጉት ምንም ካላደረጉት በ48 በመቶ ያነሰ የኮቪድ ሕመምተኛ እንደነበራቸው አሳይቷል። ትምህርት ቤቶቹ በሌላም ነገር ሊለያዩ ስለሚችሉ ቁጥሩን እንደ ዋስትና መውሰድ አይገባም። ፊት ለፊት ተጠጋግቶ የሚያወራውንም ማንኛውም ማጣሪያ አያድነውም።

ወደ ሐይቅ እንመለስ። 25 ሰው የሚቀመጥበት ምግብ ቤት በሴኮንድ 250 ሊትር ይፈልጋል፤ አንድ ሣጥን ይበቃዋል። 28 ሰው የሚቆምበትና የሚሠራበት የባንክ ቅርንጫፍም ልክ አንድ ሣጥን ነው። 60 ተማሪ ላለው ክፍል ሁለት ሣጥን 560 ሊትር ይሰጣሉ፤ የተከፈተው መስኮት በነጻ ከሚሰጠው ያነሰ መሆኑን ልብ ይሏል።

ዋጋውስ? ለስሌት ያህል አንዱ ማጣሪያ 15 ዶላር ይሁን፤ አራቱ 60 ዶላር ናቸው። የብሔራዊ ባንክ የውጭ ምንዛሪን በገበያ እንዲወሰን ካደረገበት ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. በፊት ዶላሩ 57 ብር ገደማ ስለነበር ይህ 3,420 ብር ነበር። ዶላሩን በ150 ብር ብናስበው 9,000 ብር ይሆናል። ማጓጓዣና ቀረጡ እጥፍ አድርጎት 18,000 ብር ይግባ እንበል። ማጣሪያው በዓመት አንድ ጊዜ ቢቀየር፣ በ25 ወንበርና በ300 የሥራ ቀን ሲካፈል ለአንድ ወንበር በቀን 2 ብር ከ40 ሳንቲም ነው። ቡና እየተፈላ ዕጣን በሚጨስበት ቤት ማጣሪያው ቶሎ ስለሚጠቁር በዓመት ሁለት ጊዜ ይቀየር፤ 4 ብር ከ80 ሳንቲም። ከአንድ ስኒ ቡና ያንሳል።

ይህን ያህል ከረከሰ ለምን አይገዛም? መልሱ የኢኮኖሚክስ ተማሪ በመጀመሪያ ዓመት የሚማረው ነው። ወጪው የባለቤቱ፣ ጥቅሙ የመንገደኛው ነው። መንገደኛው በሽታውን የት እንደያዘው አያውቅም፤ ባለቤቱም ስላልያዘው አይመሰገንም። ዕቃው አይታይም፤ ደንበኛ የሚያየው አዲስ ሶፋ ነው። ስለዚህ ቀድሞ የሚገዛው ጥቅሙ ተመልሶ ወደ ራሱ ኪስ የሚገባው ነው፤ ሠራተኛው ሲታመም ሥራው የሚቆምበት ባንክ፣ መምህር ሲቀር ወላጅ የሚቆጣው የግል ትምህርት ቤት፣ ሁሉ ሳል ይዞ የሚመጣበት የግል ክሊኒክ። ከደሴ ወጣ ብሎ ያለው የቦሩ ሜዳ ሆስፒታል መድኃኒት የተላመደ የሳንባ ነቀርሳ ታካሚዎችን፣ በወረርሽኙ ጊዜም የኮቪድ ሕሙማንን ተቀብሎ አክሟል። ሰው ግን እዚያ ከመድረሱ በፊት ምን እንደያዘው ሳያውቅ በየትንንሹ ክሊኒክ ተራ መጠበቂያ ወንበር ላይ ይቀመጣል። ሣጥኑ መጀመሪያ መቀመጥ ያለበትም እዚያ ይመስለናል።

ሻጩን ምን ይጠይቁታል?

አስመጪም ገዢም መጠየቅ ያለበት አንድ ቁጥር ነው፤ ዕቃው በሰዓት ስንት ሜትር ኩብ የተጣራ አየር ይሰጣል? ለክፍሉ ይህን ያህል ካሬ ይበቃል የሚል ማስታወቂያ ብቻ ከሆነ ይለፉት። ኦዞን የሚያመነጭ መሣሪያ ሰው ባለበት ክፍል አይገባም፤ ኦዞን ራሱ ሳንባ ይጎዳል። አዮን ይረጫል የሚባለውም ብዙ ጊዜ ከወሬው ያነሰ ይሠራል። የመኪና ሞተር የአየር ማጣሪያ የሚመዘነው ሞተርን ከአቧራ በመጠበቅ እንጂ በዚህ መለኪያ አይደለም። ታጥቦ እንደገና ያገለግላል ተብሎ የሚሸጥ መርቭ 13 ማጣሪያ ካጋጠመዎት ደግሞ ይጠርጥሩ፤ ውኃና አልኮል የክሩን የኤሌክትሪክ ሙል ያጠፉታል፤ መልኩ ንጹሕ ሆኖ ሥራው ይሞታል። ለአሜሪካ የተሠራው ቬንትሌተር በ110 ቮልት የሚሠራ ስለሆነ እኛ ዘንድ ሲሰካ ይቃጠላል፤ ማጣሪያውን ብቻ አስመጥቶ ቬንትሌተሩን ከዚሁ መግዛት ይሻላል።

አንድ ብርቱ ማስጠንቀቂያም አለ። ማጣሪያ አዲስ አየር አያመጣም፤ ያለውን ያጠራል። የከሰል ምድጃ የሚያወጣውን መርዛም ጋዝ አይዝም። በር ዘግቶ ከሰል አቀጣጥሎ ሣጥኑን ያበራ ሰው ከቫይረሱ ሸሽቶ ወደሚገድለው ገባ ማለት ነው።

መብራቱን በተመለከተ 60 ዋት የሚወስድ ቬንትሌተር በቀን 10 ሰዓት ቢሠራ በወር 18 ኪሎዋት ሰዓት ይቆጥራል። መብራት በሚቆራረጥበት ቦታ ሌላ አማራጭ አለ። ለኮምፒውተር የሚሠሩትን ትንንሽ ባለ 12 ቮልት ማራገቢያዎች አምስት ስድስት አድርጎ ሣጥኑ ላይ መግጠም ይቻላል። ሁሉም ተደምረው የሚወስዱት ከ10 እስከ 15 ዋት ገደማ ስለሆነ አንድ አነስተኛ የፀሐይ ሰሌዳና የመኪና ባትሪ ያሠራቸዋል። ድምፃቸውም ዝቅተኛ ነው፤ በመማሪያ ክፍል መምህሩን አይረብሹም፤ በመኝታ ክፍልም እንግዳው ሌሊት ተነሥቶ አያጠፋቸውም።